የጽሑፍ የግልግል ስምምነት እያለ ፍርድ ቤት ክስ ሲቀርብ፦ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት እንዲመራ የሚጠየቅበት ሥርዓት

በርካታ ውሎች በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው ጥቂት መስመሮች ከፍ ብሎ፣ «በዚህ ውል ምክንያት አለመግባባት ቢፈጠር በግልግል ዳኝነት ይፈታል» የሚል አንቀጽ ይዘዋል። ውል ፈራሚዎች ዋጋውን፣ የክፍያውን ሁኔታና የማስረከቢያውን ቀን ደጋግመው ሲያነቡ ይህን አንቀጽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፉታል። የአንቀጹ ክብደት የሚታወቀው አንደኛው ወገን ፍርድ ቤት ሄዶ ክስ ሲመሠርትና መጥሪያው ለሌላኛው ወገን ሲደርስ ነው። በዚያን ጊዜ ተከሳሹ የተስማማበትን መንገድ የመጠየቅ መብት አለው፤ ይሁንና ይህ መብት በጊዜውና በሥርዓቱ ካልተጠየቀ ይታለፋል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በውላቸው ውስጥ የግልግል ስምምነት ያለ ተከሳሾች፣ ከሳሾችና ውል ለመፈረም የተዘጋጁ ዜጎች መብታቸውንና ግዴታቸውን አስቀድመው እንዲያውቁ ነው። የተሰጠው አጠቃላይ መረጃ በመሆኑ በተያዘ ጉዳይ ላይ ፈቃድ ያለው ጠበቃ የሚሰጠውን ምክር አይተካም።

ጉዳዩን የሚገዙት ሕጎች

በአገራችን የግልግል ዳኝነት በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1958 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ተደንግጎ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ወጥቶ ቀደም ሲል በሁለቱ ሕጎች ውስጥ ተበታትነው የነበሩትን ድንጋጌዎች በአብዛኛው ተክቷል። ስለዚህ ዛሬ የግልግል ስምምነትን መሠረት አድርጎ የሚቀርብ ጥያቄ በቅድሚያ የሚታየው በዚህ አዋጅ መሠረት ነው። የቆየ የማመልከቻ ናሙና ይዘው የሚመጡ ባለጉዳዮች የጠቀሱት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን ማጣራት ይኖርባቸዋል። ከቁጥር 3325 ጀምሮ ያሉትን የግልግል ድንጋጌዎች እንደ ወትሮው መጥቀስ አዋጁ ከወጣ በኋላ ላለ ጉዳይ አይበጅም።

አዋጁ ተፈጻሚ የሚሆነው ከንግድ ጋር በተያያዙ አገር አቀፍ የግልግል ጉዳዮች፣ መቀመጫቸው ኢትዮጵያ በሆነ ዓለም አቀፍ የግልግል ጉዳዮችና በዕርቅ ላይ ነው። አለመግባባቱ ከንግድ ጋር ያለው ግንኙነት ግልጽ ካልሆነ፣ ለምሳሌ በሁለት ዘመዳሞች መካከል የተደረገ የገንዘብ ብድር ከሆነ፣ የትኛው ሕግ እንደሚገዛው የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ከአዋጁ ውጭ ያለው የሥነ ሥርዓት ጉዳይ፣ ማለትም መጥሪያ እንዴት እንደሚደርስ፣ የመከላከያ መልስ መቼ እንደሚቀርብና መቃወሚያ እንዴት እንደሚሰማ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መመራቱን ቀጥሏል።

ሽምግልና፣ ዕርቅና የግልግል ዳኝነት አንድ አይደሉም

በተግባር ብዙ ክርክር የሚያስነሳው ይህ ነጥብ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። በማኅበረሰባችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ መሃል መግባቱ የቆየ ባህል ነው። ሽማግሌው ያግባባል፣ ይገሥጻል፣ ይማልዳል፤ ባይሳካለትም ተጣዪዎቹ ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ የሚያግዳቸው የለም። ይህ ባህል ውል ሲጻፍ ከነቃሉ ስለሚገባ «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር በእጅ በተጻፉ ውሎች ብቻ ሳይሆን በጽሕፈት ቤት በተዘጋጁ ውሎችም ላይ ይገኛል።

የሕጉ አቀራረብ የተለየ ነው። ዕርቅ ማለት ሦስተኛ ወገን ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ወደ ስምምነት እንዲደርሱ የሚያግዝበት ሥርዓት ሲሆን፣ አስታራቂው ውሳኔ የመጫን ሥልጣን የለውም። የግልግል ዳኝነት ግን ተከራካሪዎቹ በስምምነት የመረጡት ወይም በስምምነታቸው መሠረት የተሰየመ ገለልተኛ ዳኛ የግራ ቀኙን ክርክርና ማስረጃ ሰምቶ የሚያስገድድ ውሳኔ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። የግልግል ዳኛው ውሳኔ እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ይፈጸማል።

ስለሆነም በውሉ ላይ «በሽማግሌ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ተዋዋዮቹ ያሰቡት ዕርቅን ነው ወይስ የሚያስገድድ ዳኝነትን የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ፍርድ ቤቱም መልሱን ከውሉ ቃላትና ከተዋዋዮቹ ሐሳብ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። «የሽማግሌዎቹ ውሳኔ የመጨረሻ ይሆናል» ወይም «ተዋዋዮች በውሳኔው ይገደዳሉ» የሚል ሐረግ መኖሩ የግልግል ዳኝነት ለማለቱ ጥሩ አመላካች ነው። «በሽማግሌ ለመስማማት ይሞከራል» የሚል ከሆነ ግን አንቀጹን የግልግል ስምምነት ነው ብሎ ለመከራከር አዳጋች ነው።

ሌላው ተደጋግሞ የሚታየው አጻጻፍ «በግልግል ወይም በፍርድ ቤት ይታያል» የሚለው ነው። ይህ ዓይነቱ አንቀጽ ሁለቱንም በር ክፍት የሚተው ስለሚመስል ፍርድ ቤት የሄደውን ከሳሽ ለመመለስ ጠንካራ መሠረት አይሆንም። ለሁሉም ይመቻል ተብሎ የሚጻፍ አንቀጽ ክርክር ሲነሳ ለማንም የማይመች ሆኖ ይገኛል።

የግልግል ስምምነቱ ሊያሟላቸው የሚገቡ ነጥቦች

ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። በዋናው ውል ውስጥ እንደ አንድ አንቀጽ ሊካተት ወይም አለመግባባቱ ከተፈጠረ በኋላ ራሱን ችሎ ሊዘጋጅ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ እንዲሆን የሚያስፈልግ ውል በተዋዋዮች መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ ስላለበት፣ የግልግል ስምምነት የሚፈርሙ ወገኖችም ሁለት ምስክሮችን ማስፈረማቸው ከኋላ የሚነሳን ክርክር ያስቀራል። ምስክሮቹ የውሉ ገጾች በሙሉ ባሉበት መፈረማቸውን ማረጋገጥ ይገባል። የመጨረሻው ገጽ ብቻ ተፈርሞ ሌሎቹ ገጾች ሲለወጡ የሚፈጠረው ጭቅጭቅ ቀላል አይደለም።

በወኪል የሚፈረም ውል ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ያለ ልዩ ውክልና ጉዳይን በግልግል ዳኝነት ለመጨረስ መስማማት አይችልም። «ስለ እኔ ሆኖ ማናቸውንም ውል እንዲዋዋል» የሚል ጠቅላላ ውክልና የግልግል ስምምነትን ለመፈረም በቂ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህ ነጥብ በተለይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዓረብ አገራት የሚኖሩና በአገር ቤት ንግድ በወኪል የሚያካሂዱ ኢትዮጵያውያንንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ይመለከታል። ውክልናውን በሚኖሩበት አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሲያዘጋጁ «አለመግባባት ሲፈጠር በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ለመስማማት» የሚል ግልጽ ቃል ማስገባት ያስፈልጋቸዋል። ይህ ካልተደረገ ውሉን በወኪሉ በኩል የተዋዋለው ሌላኛው ወገን ግልግል በሚጠይቅበት ቀን «ወኪሌ ሥልጣን አልነበረውም» የሚል መከራከሪያ ሊገጥመው ይችላል።

ስምምነቱ የሚያስገድደው የተስማሙትን ነው። ውል ውጤት የሚኖረው በተዋዋዮች መካከል መሆኑን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1952 ይደነግጋል። ስለዚህ በአንድ ክስ ሦስት ተከሳሾች ቀርበው ከእነርሱ ውስጥ የግልግል አንቀጹን የፈረመው አንዱ ብቻ ቢሆን፣ መቃወሚያው ለቀሩት ሁለቱ በቀጥታ የሚያገለግል አይሆንም። በተለየ ሰነድ ዋስ የሆነ ሰውም በዋናው ውል ውስጥ ያለው የግልግል አንቀጽ ይመለከተኝ ይሆን ብሎ የራሱን የዋስትና ሰነድ መመርመር አለበት።

በግልግል ሊታዩ የማይችሉ ጉዳዮች

ስምምነቱ በጽሑፍ ቢኖርም ሕጉ ለግልግል ያልፈቀዳቸው ጉዳዮች አሉ። አዋጁ በአንቀጽ 7 ከዘረዘራቸው መካከል ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ ሞግዚትነት፣ አሳዳሪነትና ውርስ፤ የወንጀል ጉዳይ፤ የግብር ጉዳይ፤ የመክሰር ፍርድ፤ የንግድ ማኅበር መፍረስ፤ ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳዮች፤ እንዲሁም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ጉዳዮች ይገኙበታል። የአስተዳደር ውሎች በሕግ ካልተፈቀደ በስተቀር በግልግል አይታዩም። በሕግ ለአስተዳደር አካላት ተለይተው የተሰጡ አስተዳደራዊ ክርክሮችም እንዲሁ ናቸው።

ከዚህ ዝርዝር የተነሳ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ውል የፈጸመ ሥራ ተቋራጭ ወይም አቅራቢ በውሉ ላይ የግልግል አንቀጽ ስላለ ብቻ ጉዳዩ በግልግል ይታያል ብሎ መተማመን አይችልም። ለዚያ የውል ዓይነት ግልግልን የሚፈቅድ ሕግ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል። የመሬት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ወንድማማቾች በይዞታ ድንበር ላይ ተስማምተው «ገላጋይ» ቢሰይሙ፣ አንደኛው ወገን ውጤቱን ባይቀበል ያንን ውሳኔ በአዋጁ መሠረት ለማስፈጸም መጠየቅ አይቻልም።

ተከሳሹ ምን ማድረግ አለበት?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የሆቴል ባለቤት ለሰላሳ ክፍሎች አልጋና ቁም ሣጥን እንዲሠራለት ከአንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ጋር ተዋዋለ እንበል። ቅድሚያ ክፍያ ተከፍሏል፤ ዕቃው ዘግይቶ ደረሰ፤ የሆቴሉ ባለቤት ጥራቱ ጎድሏል ብሎ ቀሪውን ክፍያ ያዘ። በውሉ አንቀጽ 14 ላይ አለመግባባት በግልግል ዳኝነት እንደሚታይ ተጽፏል። ድርጅቱ ግን ቀሪው ገንዘብ እንዲከፈለው ለፍርድ ቤት ክስ አቀረበ።

የሆቴሉ ባለቤት መጥሪያ ሲደርሰው ሊሠራቸው ከሚችላቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው «ውላችን ግልግል ስለሚል ፍርድ ቤት አይመለከተኝም» ብሎ ቤቱ መቀመጥ ነው። የግልግል ስምምነት መጥሪያን አያሽርም። ተከሳሽ በተቀጠረበት ቀን ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊሰማና ሊወሰን እንደሚችል የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 70 ይደነግጋል። በሌለበት ፍርድ የተሰጠበት ሰው ፍርዱ እንዲነሳለት በቁጥር 78 መሠረት የሚያመለክተው ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ባለው አንድ ወር ውስጥ ሲሆን፣ መጥሪያው በሚገባ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ማስረዳት አለበት። ክፍያው በግልግል ሊታይ ይገባ የነበረ መሆኑ ብቻውን ያለመቅረብ በቂ ምክንያት ነው ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ ተከሳሹ በመጥሪያው ላይ በተመለከተው ቀን ወይም ከዚያ በፊት የመከላከያ መልሱን ያቀርባል። በመልሱ መጀመሪያ ላይ፣ ወደ ዋናው ክርክር ከመግባቱ በፊት፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በሚል ርዕስ ጉዳዩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ የጽሑፍ ስምምነት መኖሩን ይገልጻል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 እንደሚደነግገው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ገና ከመነሻው፣ በመጀመሪያው አጋጣሚ መቅረብ አለበት። በዚያ ጊዜ ያልቀረበ መቃወሚያ፣ ትክክለኛ ፍርድ ለመስጠት የሚያግድ ዓይነት ካልሆነ በቀር፣ እንደተተወ ይቆጠራል። ምስክር ከተሰማ በኋላ ወይም በይግባኝ ደረጃ «ለካ ውላችን ግልግል ይል ነበር» ማለት ዋጋ የለውም።

የመቃወሚያው አጻጻፍ ረጅም መሆን አይጠበቅበትም። ከዚህ የሚከተለውን መልክ ሊይዝ ይችላል፦

«ከሳሽ ክሱን የመሠረተው በ.... ቀን .... ዓ.ም በተፈረመው ውል ላይ ነው። የዚሁ ውል አንቀጽ .... ከውሉ የሚነሳ ማንኛውም አለመግባባት በግልግል ዳኝነት እንደሚወሰን ይደነግጋል። ክሱ የቀረበበት ጉዳይ በዚህ አንቀጽ የሚሸፈን ስለሆነና ስምምነቱም የጸና ስለሆነ፣ የተከበረው ፍርድ ቤት በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት መዝገቡን ዘግቶ ግራ ቀኙን ወደ ግልግል ዳኝነት እንዲመራልኝ አመለክታለሁ። የውሉን ቅጂ አያይዤ አቅርቤያለሁ።»

ከመቃወሚያው ጋር ውሉ በሙሉ መያያዝ አለበት። የግልግል አንቀጹን የያዘውን ገጽ ብቻ ቆርጦ ማቅረብ ፍርድ ቤቱ አንቀጹ የትኞቹን ጉዳዮች እንደሚሸፍን ለመመርመር አያስችለውም። የኢንሹራንስ ውል በሆነ ጊዜ አንቀጹ በፖሊሲው የፊት ገጽ ላይ ሳይሆን ከፖሊሲው ጋር በተያያዘው የጠቅላላ ሁኔታዎች ጽሑፍ ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል ያንንም ማያያዝ ያስፈልጋል።

ተከሳሹ መቃወሚያውን ካሰፈረ በኋላ በዚያው ሰነድ ላይ «መቃወሚያዬ ተቀባይነት ባያገኝ በአማራጭ» በማለት በፍሬ ነገሩ ላይ ያለውን መልስም ማስቀመጡ ጠቃሚ ነው። መቃወሚያው ውድቅ ቢደረግ መልስ ሳይኖረው እንዳይቀር ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል ግን የመልሶ ማጥቃት ክስ ማቅረብ፣ ማለትም ከሳሹን በዚያው ፍርድ ቤት መልሶ መክሰስ፣ ተከሳሹ የፍርድ ቤቱን መንገድ መርጧል የሚል ክርክር ሊያስከትል ስለሚችል ያለ ባለሙያ ምክር ባይሞከር ይመረጣል።

ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ምንድን ነው?

ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ሲሰማ ማን ዕዳ እንዳለበት አይመረምርም። በምሳሌያችን ቁም ሣጥኖቹ ጥራት ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም የሚለው ጥያቄ በዚህ ደረጃ አይነሳም። የሚመረመረው የጽሑፍ የግልግል ስምምነት መኖሩ፣ ክሱ በዚያ ስምምነት የሚሸፈን መሆኑና ስምምነቱ ፈራሽ፣ ውጤት የሌለው ወይም ሊፈጸም የማይችል አለመሆኑ ነው። ከሳሹም መልስ የመስጠት ዕድል ስለሚኖረው አንቀጹን አልፈረምኩም፣ የፈረመው ሰው ሥልጣን አልነበረውም፣ ጉዳዩ በአንቀጹ አይሸፈንም ወይም በሕግ በግልግል የማይታይ ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ከሳሾች አዘውትረው የሚያነሱት አንድ መከራከሪያ «ውሉ ራሱ ፈራሽ ስለሆነ የግልግል አንቀጹም አብሮ ፈርሷል» የሚል ነው። በአዋጁ መሠረት ግን በውል ውስጥ የተካተተ የግልግል አንቀጽ ከቀሪው ውል ተነጥሎ እንደ ራሱን የቻለ ስምምነት ይታያል። የግልግል ጉባዔውም የራሱን የዳኝነት ሥልጣን፣ የግልግል ስምምነቱን ሕጋዊነት ጨምሮ፣ የመወሰን ሥልጣን አለው። በመሆኑም ዋናው ውል ፈራሽ ነው የሚለው ክርክር ራሱ በግልግል ዳኞች ፊት የሚቀርብ ይሆናል ማለት ነው።

መቃወሚያው ውድቅ ከተደረገ ተከሳሹ በዚያ ብይን ላይ ብቻ ወዲያውኑ ይግባኝ ማለት አይችልም። በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ላይ የተሰጠ ብይን ቅሬታ የሚቀርብበት ከመጨረሻው ፍርድ ጋር በሚቀርበው ይግባኝ መሆኑ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 320 ላይ ተመልክቷል። ስለዚህ ተከሳሹ መቃወሚያው እንዲመዘገብለት አድርጎ በፍሬ ነገሩ ላይ መከራከሩን ይቀጥላል፤ ጉዳዩን ትቶ መሄድ የለበትም።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ

መቃወሚያው ተቀባይነት ሲያገኝ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘግቶ ተከራካሪዎችን ወደ ግልግል ይመራል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ ጉዳዩ ከፍርድ ቤቱ ወደ ግልግል ዳኞች በቀጥታ የሚተላለፍ ይመስላቸዋል። አይተላለፍም። የግልግል ሂደቱን የሚያስጀምረው መብት አለኝ የሚለው ወገን ነው፤ በምሳሌያችን የእንጨት ሥራ ድርጅቱ ማለት ነው። ድርጅቱ ዝም ካለ ጉዳዩ በዚያው ይቆማል፤ የይርጋ ጊዜ ግን መቁጠሩን ሊቀጥል ይችላል። በውል ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎች በሕግ በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በስተቀር በአሥር ዓመት ይርጋ እንደሚታገዱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845 ቢደነግግም፣ ለተለያዩ የውል ዓይነቶች ከዚህ ያጠረ ጊዜ የሚወስኑ ሕጎች አሉ። መዝገቡ የተዘጋበት ከሳሽ በፍርድ ቤት የባከነውን ጊዜ አስልቶ ያለ መዘግየት ወደ ግልግል ሊገባ ይገባል።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ጠያቂው ወገን አለመግባባቱን፣ የሚጠይቀውን ዳኝነትና የመረጠውን ዳኛ የሚገልጽ የጽሑፍ ማስታወቂያ ለሌላኛው ወገን ይልካል፤ ማስታወቂያው መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃም ይይዛል። ስምምነቱ የአንድ ተቋም ደንብ እንዲሠራበት የሚል ከሆነ፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋምን የሚጠቅስ ከሆነ፣ ጥያቄው የሚቀርበው በዚያ ተቋም ደንብ መሠረት ነው። የዳኞች ብዛት በስምምነቱ ካልተወሰነ ሦስት ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ ይመርጣል፣ የተመረጡት ሁለቱ ሰብሳቢውን ይሰይማሉ።

ሌላኛው ወገን ዳኛ አልመርጥም ቢልስ? በፍርድ ቤት «ግልግል ይሁንልኝ» ብሎ መዝገብ ካዘጋ በኋላ ዳኛ ለመምረጥ እግሩን የሚጎትት ተከሳሽ ብርቅ አይደለም። ሕጉ ለዚህ መፍትሔ አስቀምጧል፤ ጠያቂው ወገን በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ምላሽ ካላገኘ ዳኛው እንዲሾምለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። በዚህ ማመልከቻ ላይ መዝገቡ የተዘጋበትን ብይን ቅጂ ማያያዝ እጅግ ይጠቅማል፤ የግልግል ስምምነቱ መኖሩን ራሱ ተከሳሹ ያመነበት ማስረጃ ነውና።

በዚህ ሁሉ መካከል ንብረት የመሸሽ አደጋ ካለ የግልግል ስምምነት መኖሩ ጊዜያዊ መከላከያ ከመጠየቅ አያግድም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 ከፍርድ በፊት ስለሚደረግ የንብረት ማስከበር፣ በቁጥር 154 ደግሞ ስለ ዕግድ ተደንግጓል። ለፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ማመልከቻ ያቀረበ ሰው የግልግል መብቱን እንደተወ አይቆጠርም።

መቃወሚያውን ማንሳት ሁልጊዜ ይጠቅማል?

መቃወሚያ ማንሳት መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። የግልግል ዳኞችን አበል የሚከፍሉት ተከራካሪዎቹ ናቸው። ሦስት ዳኞች የሚሰየሙበት ግልግል አነስተኛ ገንዘብ ለሚጠየቅበት ክርክር ከክርክሩ ዋጋ የማይተናነስ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። በሌላ በኩል ጉዳዩ የሙያ ዕውቀት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የግንባታ ወይም የማሽነሪ ጥራት ከሆነ፣ በሙያው የተመረጠ ዳኛ መኖሩና ሂደቱ በአደባባይ አለመካሄዱ ለሁለቱም ወገን ሊጠቅም ይችላል። ሁለቱም ወገኖች ፍርድ ቤቱን ከመረጡም ስምምነታቸውን በጋራ መተው ይችላሉ።

ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነገር የውሳኔው መጨረሻነት ነው። ተከራካሪዎች በተቃራኒው ካልተስማሙ በቀር በግልግል ውሳኔ ላይ ይግባኝ አይቀርብም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን ግን በሌላ ሁኔታ ካልተስማማ በስተቀር ለሰበር ሰሚ ችሎት ማመልከት ይችላል፤ በሕጉ በተዘረዘሩ ምክንያቶችም ውሳኔው እንዲሻር መጠየቅ ይቻላል። በማስረጃ ምዘና ላይ ያለ ቅሬታ ብቻ ግን እነዚህን በሮች አይከፍትም። ግልግልን የመረጠ ሰው ይህን አውቆ ነው መግባት ያለበት።

መቀመጫው ውጭ አገር የሆነ ግልግል

ከውጭ አገር አቅራቢ ጋር ዕቃ ለማስመጣት የተደረገ ውል ግልግሉ በውጭ አገር እንዲካሄድ ሊወስን ይችላል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር የግልግል ውሳኔዎችን ዕውቅና ስለመስጠትና ስለማስፈጸም እ.ኤ.አ በ1958 በኒውዮርክ የተደረገውን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ተቀብላለች። ይህ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገራት የጽሑፍ የግልግል ስምምነትን እንዲያከብሩና ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቶቻቸው ጉዳዩን ወደ ግልግል እንዲመሩ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በሕጓ የንግድ ባሕርይ ባላቸው ግንኙነቶች ላይ ለሚነሱ ክርክሮች ሲሆን፣ ከመቀበሏ በፊት በነበሩት ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። አስመጪዎችና ላኪዎች ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ግልግሉ የት ከተማ፣ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ተቋም ደንብ እንደሚካሄድ አንብበው ወጪውን ማስላት ይኖርባቸዋል። ክርክር ከተነሳ በኋላ «ርቀቱ አይመቸኝም» ማለት ስምምነቱን ለማስቀረት በቂ ምክንያት አይሆንም።

አዲስ ውል ለሚያዘጋጁ

ግልጽ አንቀጽ ከላይ የተዘረዘረውን ክርክር አብዛኛውን ያስቀራል። ለአገር ውስጥ የንግድ ውል የሚከተለው አጻጻፍ እንደ መነሻ ሊያገለግል ይችላል፦

«ከዚህ ውል የሚመነጭ ወይም ከዚህ ውል ጋር የተያያዘ ማንኛውም አለመግባባት፣ የውሉን መጣስ፣ መቋረጥና ፈራሽነት ጨምሮ፣ በግልግል ዳኝነት ብቻ ይወሰናል። ዳኛው አንድ ሲሆን በተዋዋዮች ስምምነት ይመረጣል፤ ካልተስማሙ በፍርድ ቤት ይሾማል። የግልግሉ መቀመጫ አዲስ አበባ፣ ቋንቋው አማርኛ ይሆናል።»

ተዋዋዮች የዳኞቹን ቁጥር ጎደሎ ቢያደርጉ፣ ማለትም አንድ ወይም ሦስት ቢሉ፣ ድምፅ እኩል ለእኩል ከመከፈል ይጠበቃሉ። ዳኛውን በስም መጥቀስ ግን አይመከርም፤ የተጠቀሰው ሰው ክርክሩ በሚነሳበት ጊዜ በሕይወት ላይኖር፣ ፈቃደኛ ላይሆን ወይም ከአንደኛው ወገን ጋር ዝምድና ፈጥሮ ሊገኝ ይችላል። ይግባኝ እንዲኖር የሚፈልጉ ከሆነም ይህንኑ በአንቀጹ ላይ በግልጽ ማስፈር አለባቸው።

የአዋጆቹ ሙሉ ቃል በፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ የወጣ ሲሆን፣ ልዩ ውክልና ለማዘጋጀት በአገር ውስጥ ሰነዶችን የማረጋገጥና የመመዝገብ ሥልጣን ወዳለው ተቋም፣ በውጭ አገር ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲዎችና ቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች መቅረብ ይቻላል። ባለጉዳዮች ወደ ጠበቃ ሲሄዱ የተፈረመውን ውል ዋናውን ከነአባሪዎቹ፣ የደረሳቸውን መጥሪያና ክስ፣ እንዲሁም ከሌላኛው ወገን ጋር የተለዋወጧቸውን ደብዳቤዎች ይዘው እንዲቀርቡ ይመከራል፤ መጥሪያው የደረሰበት ቀን በሰነዱ ላይ መጻፉንም አስቀድመው ይመልከቱ።